አልፋልፋን ጨምቆ ለሁለት መክፈል፦ ደብረ ብርሃን ላይ ያዋጣል ወይ?

1 (መክፈቻ)
ለከብት መኖ የሚዘራውን አልፋልፋ በእርጥቡ ወቅጦ መጭመቅ፣ ጭማቂውን አሙቆ ፕሮቲኑን እንደ አይብ ማስረጋት፣ ተጨምቆ የቀረውን አሰር ለላምና ለበግ መስጠት፤ ይህ ሥራ ሰሜን ሸዋ ላይ ያዋጣል ወይስ ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚያምረው? እኔ ያዋጣል ባይ ነኝ። ስሌቴን ላስቀምጥና የተሳሳትኩበትን አርሙኝ።

ገና እንቡጥ ያላወጣ 100 ኪሎ አልፋልፋ 20 ኪሎ ገደማ ደረቅ ነገር አለው፤ ከዚያ ውስጥ 4 ኪሎው ፕሮቲን ነው። ተጨምቆ 50 ኪሎ ጭማቂ ከሰጠ፣ ጭማቂው ሲረጋ በደረቁ 2 ኪሎ ከ200 ግራም ያህል አረንጓዴ አይብ ይወጣዋል፤ የዚህ ግማሹ ፕሮቲን ነው። አሰሩ ላይ የሚቀረው ፕሮቲን ከደረቁ ክብደት ከመቶ 15 እጅ ነው፤ ከጥሩ ድርቆሽ አያንስም። ላሚቱ ብዙም ሳይጎድልባት ለዶሮ የሚሆን ፕሮቲን በትርፍ ተገኘ ማለት ነው። ፋጉሎ ስንት እንደገባ ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

(የውይይቱ ክር ስለረዘመ፣ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው ብዬ የመጡትን መልሶች በተራ ቁጥራቸው አሳጥሬ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። መሐል መሐል የራሴን ሐሳብ ጣል አድርጌያለሁ።)

2 እና 3
2ኛው መልስ ሰላምታውን አስቀድሞ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ ላም ራሷ መጭመቂያ ሆና ሳለ እርጥቡን ብትበላ ምን ይጎድላል? ጥያቄው ተራ ይመስላል እንጂ የክሩ ሁሉ መነሻ እሱ ነው። 3ኛው ሁለት ምክንያት ሰጠ። ቅጠሉ ውስጥ ያለው የሚሟሟ ፕሮቲን የላሚቱ ጨጓራ ውስጥ በቶሎ ይፈርስና ከፊሉ በሽንት ይወጣል፤ ዶሮ ግን አሰሩን መፍጨት ባትችልም አይቡን ትችላለች። ሁለተኛው መንፋት ነው። ከብት ጤዛ ያለበት አልፋልፋ በልቶ የሚነፋው ጨጓራው ውስጥ የማይፈርስ አረፋ ስለሚሠራ ነው፤ አረፋውን ከሚሠሩት ዋናው ይኸው የሚሟሟ ፕሮቲን ነው። ጭማቂው ሲወጣ ስጋቱም አብሮ ይቀንሳል። ይቀንሳል እንጂ ይጠፋል አላለም፤ ልክ ነው።

4
እዚህ ላይ ስሌቴ የመጀመሪያውን ምት ቀመሰ። መልስ ሰጪው በትሕትና ነበር የጻፈው፤ 50 ኪሎ ጭማቂ የፋብሪካ ቁጥር ነው፣ በሙቀጫና በመኪና ክሪክ ከ100 ኪሎ 35 ኪሎ ከተገኘ ይመስገን አለ። 35 ኪሎ ጭማቂ በደረቁ የሚሰጠው አይብ ወደ 1 ኪሎ ተኩል ይወርዳል። ምክንያቱን ሲያስረዳ መክተፍ ሌላ፣ መውቀጥ ሌላ ነው አለ። ስለት ያለው የሳር መክተፊያ ቅጠሉን ያሳጥረዋል እንጂ ሕዋሱን አያፈነዳውም፤ ጭማቂው ደግሞ ያለው ሕዋሱ ውስጥ ነው። ቅጠሉ መፈተግና መደቆስ አለበት። መለኪያውን ወድጄለታለሁ፦ ከተወቀጠው አንድ እፍኝ ወስዶ መጭመቅ፤ በጣቶች መሐል ጥቁር አረንጓዴ ጭማቂ ካልወረደ ገና ነው፣ ወደ ሙቀጫው ይመለስ።

5
የእህል ወፍጮ አይሆንም ወይ ለሚለው የመጣ መልስ ነው። መዶሻ ያለው ወፍጮ ይሆናል፤ ወንፊቱ ግን መውጣት አለበት። እርጥብ ቅጠል ወንፊቱን ወዲያው ይደፍነዋል፣ ቺንጋው ፑሌጃው ላይ መንሸራተት ይጀምራል፣ ቆይቶ ሞተሩ ይግላል። መዶሻዎቹ ደነዝ ይሁኑ፤ የተሳሉ ከሆነ ወፍጮው ተመልሶ መክተፊያ ነው። ኩሽኔታውንም ጭማቂ እንዳይገባበት መከለል ያስፈልጋል፤ ግራሶውን አጥቦ ያወጣዋል።

6
ስለ መጭመቂያው ከተጻፈው ሁሉ የሚረባው ይህ ነው። 2 ቶን የሚያነሳ የመኪና ክሪክ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ላይ ሲጫን፣ በያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 2 ኪሎ ከ200 ግራም ያህል ያርፋል። ይህ ይበቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እንግሊዝ ሮዛምስተድ የግብርና ምርምር ጣቢያ ውስጥ የቅጠል ፕሮቲንን ሥራ የጀመረው ኖርማን ፒሪም የደረሰበት ይህንኑ ነው፦ 2 ኪሎ ገደማ ግፊት በቂ ነው፤ ንጣፉ ስስ ከሆነ ብቻ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የተወቀጠውን በአቡጀዲ ጠቅልሎ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ማንጠፍ፤ በየንጣፉ መካከል ቦይ የወጣለት ጣውላ ማስገባት፤ 5 ንጣፍ ሲሆን ክሪኩን ቀስ እያሉ መጫን፣ ጭማቂው ሲቆም ጥቂት ጠብቆ ደግሞ መጫን። ንጣፉ ከወፈረ ከላይና ከታች ያለው ቶሎ ተጠቅጥቆ እንደ ክዳን ይሆናል፤ የመሐሉ ጭማቂ መውጫ ያጣል። ያኔ ሰው የሚያደርገው ትልቅ ክሪክ ማምጣት ነው። 20 ቶኑ ሲጫን ጨርቁ ይቀደዳል፣ አለዚያም በያጁ የበየደው ላይኛው አግዳሚ ወደ ላይ ይጎብጣል፤ ጭማቂው ግን ያው ነው። አግዳሚው በብየዳ ብቻ ሳይሆን በብሎንና በዳዶ ጭምር ይታሰር የሚል ምክር አክሎበታል።

7
አጭር ግን ከባድ መልስ። ከማጨድ እስከ መውቀጥ 2 ሰዓት፣ ከመውቀጥ እስከ እሳት ግማሽ ሰዓት፤ ከዚያ ካለፈ ሥራው ለከንቱ ነው። ሕዋሱ ከፈነዳ በኋላ የራሱ የቅጠሉ ኢንዛይም ፕሮቲኑን መብላት ይጀምራል፤ የተበላው ሲሞቅ አይረጋም፣ አይቡ ሲወጣ ከሚተርፈው ቡናማ ውኃ ጋር ይሄዳል። ክሎሮፊሉም እየፈረሰ ነጭ ቆዳ ያለውን እንስሳ ፀሐይ ላይ የሚያቃጥል ነገር ይሆናል። ጠዋት ጨምቆ ከቀትር በኋላ ማፍላት ብሎ ነገር የለም።

8 እና 9
8ኛው ጭማቂው የግድ 95 ዲግሪ መድረስ አለበት፣ ያለዚያ አደገኛ ነው ብሎ በእርግጠኝነት ጻፈ። 9ኛው ሳቀበት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ውኃ እዚያ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የሸዋን ኩበት ሁሉ ብታነድ ክዳኑ ያልታሸገ ድስት 95 አይደርስም ብሎ፣ ወንድሜ የት ሆነህ ነው የምትጽፈው የምትል ነገር ጣል አደረገ። ያቺ ባትኖር ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። 95ን ማለፍ የሚቻለው ወደ ቆላው ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ነው። ደግነቱ አያስፈልግም፤ ፕሮቲኑ 80 ዲግሪ ላይ ረግቶ ያልቃል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ደብረ ብርሃንም ሆነ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ፈልቶ ሲያይ አልፎታል ማለት ነው።

10
አንዲት እናት ጻፉ፤ ከዚህ በኋላ ሁሉም እትዬ እያለ ነው የጠራቸው። ነገሩ አይብ ማውጣት ከሆነ ምን ያነጋግራል፣ አሬራውን ለስለስ ባለ እሳት ላይ አድርጎ ሳይነኩ መተው ነው፣ እሳት የበዛበት አይብ ይደርቃል አሉ። ስለ አሬራ ያሉት አንድም ስሕተት የለበትም።

11
እትዬን በአክብሮት ያረመ መልስ። ቅጠል ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ለስለስ ያለ እሳት የሚሰጠው እንደ ጭቃ የላመ፣ በጨርቅ የማይጠል አይብ ነው። ድንገት የሞቀ ጭማቂ ግን ጎላ ጎላ ያለ ፍርፋሪ ይሠራል፤ ውኃው በቀላሉ ይለያል። ስለዚህ ጭማቂውን ድስት ሞልቶ ከሥሩ ማንደድ አይደለም። በድስቱ ሩብ ያህል ውኃ (ከቀጣዩ ቀን ጀምሮ ደግሞ የትናንቱን ቡናማ ውኃ) አፍልቶ፣ ጭማቂውን በቀጭኑ ማንቆርቆር፣ መፍላቱ ሲቆም ማንቆርቆሩንም ገታ ማድረግ፣ ሲመለስ መቀጠል። አይቡ ተንሳፎ ሲወጣ አለማማሰል፤ የተማሰለ ይደቅና ከውኃው ጋር ያመልጣል። በጨርቅ አጥልሎ፣ አንድ ጊዜ በንጹሕ ውኃ አጥቦ እንደገና መጭመቅ። እጥበቱ የአልፋልፋውን ምሬት ይቀንሰዋል።

መጀመሪያ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ አሙቆ አረንጓዴውን፣ ከዚያ 80 ላይ ነጩን ፕሮቲን ለብቻ ማውጣት እንደሚቻልም ጠቅሷል። ይቻላል፤ ግን ሁለት ጊዜ ማጥለል፣ ትክክለኛ ቴርሞሜትርና ትዕግሥት ይፈልጋል። ለዶሮ ሲባል እዚያ ድረስ መሄድ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

12
ክሩ የተካረረው እዚህ ጋ ነው። ጸሐፊው ሰላምታም አላቀረበም፤ ቁጥር ብቻ ደረደረ። 35 ሊትር ጭማቂ ከ15 ወደ 85 ዲግሪ ለማድረስ 10 ሜጋ ጁል ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ደረቅ ኩበት 13 ሜጋ ጁል ያህል አለው፤ በሦስት ጉልቻ ላይ ድስቱን የሚያገኘው ግን ከመቶ 12 እጁ ቢሆን ነው። ስለዚህ 6 ኪሎ ተኩል ኩበት ነድዶ 1 ኪሎ ተኩል አይብ! ኩበት ገበያ በሚወጣበት አገር ይህን አዋጪ ያለ ሰው ኩበት ገዝቶ አያውቅም ብሎ ዘጋው። አዋጪ ያልኩት እኔ ነኝ። ስሌቱን ደግሜ ሠራሁት፤ ልክ ነው።

13፣ 14 እና 15
13ኛው ነገሩን ለማብረድ ሞከረ፦ ዙሪያው የተዘጋና ድስቱ ውስጡ ጠልቆ የሚቀመጥበት ምድጃ ሙቀቱን ከመቶ 25 እጅ ቢያደርስ ኩበቱ በግማሽ ይወርዳል። 14ኛው ጥቁር በርሜል ፀሐይ ላይ አድርጎ ጭማቂውን አስቀድሞ ለብ ማድረግ የሚል ሐሳብ አመጣ፤ ጥሩ ይመስል ነበር። 15ኛው አፈረሰው። ኢንዛይሙ በጣም የሚፈጥነው ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ላይ ነው፤ ጭማቂውን እዚያ ሙቀት ላይ ማቆየት ፕሮቲኑን ለኢንዛይሙ መመገብ ነው። ፀሐይ ላይ ማሞቅ ከተፈለገ ጭማቂው የሚንቆረቆርበትን ውኃ እንጂ ጭማቂውን አይደለም።

16
ከሁሉ ያስተማረኝ ይህ ነው። ነገሩን ከሥሩ አነሣው፦ ፈረንጅ ለምን ይጨምቃል? የቅጠል ጭማቂ ሲሞቅ እንደሚረጋ የፓሪሱ ኬሚስት ሩኤል በ1773 ጽፎታል፤ ፋብሪካ ውስጥ የገባው ግን ከ200 ዓመት ገደማ በኋላ ነዳጅ ሲወደድ ነው። ፈረንሳይ ሻምፓኝ ውስጥ አልፋልፋ የሚደርቀው በእሳት ነው፤ አስቀድሞ ሲጨመቅ ከፊሉ ውኃ በነዳጅ ሳይሆን በብረት ጉልበት ይወጣል። አይቡ በትርፍ የመጣ ነው። እኛ ዘንድ ኅዳር ላይ ድርቆሽ የሚያደርቀው ፀሐይ ነው፤ በነፃ። ስለዚህ ኅዳር ላይ መጭመቅ ትርጉም የለውም፤ በዚያ ላይ ውርጭ የመታው ቅጠል ጭማቂው ያንሳል። ትርጉም የሚሰጠው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ሳሩ በሞላበት፣ ድርቆሽ ግን በሚበሰብስበት።

17
በአንድ መስመር መለሰለት፦ ሐምሌ ላይ ደረቅ ኩበት ከየት ይመጣል? ይህን የሚያህል አጭር መልስ ክሩ ውስጥ የለም።

18 እና 19
እሳቱን ለመተው እትዬ ተመለሱ። አጓት ኮምጣጣ ነው፣ አጓት ጨምሮ ማስረጋት አይቻልም ወይ አሉ። 19ኛው ግማሹን ተቀበለ። ፕሮቲኑ በኮምጣጣነትም ይረጋል፤ የኮምጣጣነት መለኪያው (ፒኤች) ወደ 4 ሲወርድ። ግን ጭማቂው ኮምጣጣነትን ይቋቋማል፤ በአጓት ብቻ እዚያ ለማድረስ ከጭማቂው የሚበልጥ አጓት ይፈልጋል፤ ያን ያህል አጓት ያለው ቤት የለም። አጓቱ እርሾ ቢሆን ግን ይሠራል፦ ለ35 ሊትር 3 ሊትር ተኩል ጨምሮ፣ አፉን ከድኖ፣ ምድጃ አጠገብ ለብ ያለ ቦታ ማሳደር። እየኮመጠጠ ራሱ ይረጋል። ከዚያ ወዲያ የትናንቱ ኮምጣጣ ቡናማ ውኃ እርሾ ይሆናል። ጉድለቱንም አልደበቀም፦ በነሐሴ ብርድ ቶሎ አይኮመጥጥም፣ በዘገየ ቁጥር ፕሮቲኑ ይበላል፣ አይቡ የላመ ስለሚሆን ለመጥለል ይቸግራል፣ 7ኛው የጠቀሰው የቆዳ ጣጣም ይብሳል። እንግዲህ ምርጫው በኩበት መክፈል ወይም በጥራት መክፈል ነው።

20 እና 21
ጓያ በሽ ነው፣ ቅጠሉ ለምን አይጨመቅም ያለው 20ኛው ክፉ አላሰበም። 21ኛው ግን እንደ ጠላት ነው የወረደበት፤ እግር ሽባ የሚያደርግን ነገር ጨምቆ ማብላት ምን የሚሉት ድፍረት ነው አለው። ቁጣውን ትተን ነጥቡን ብንወስድ፦ የጓያ መርዝ ውኃ ውስጥ ይሟሟል፣ ስለዚህ አብዛኛው ከቡናማው ውኃ ጋር ይወጣል፤ ግን ተጨምቆ ያለቀ አይብም ከግማሹ በላይ ያው ውኃ ነው። አልፋልፋና ቬች የተባለው የመኖ ተክል እያለ ወደ ጓያ የሚያስኬድ ነገር የለም። (ሁለቱንም ሰዎች እባካችሁ በሰላም ብያለሁ።)

22
ሌሎቹን ዕፅዋት በአንድ ትንፋሽ ጨረሰ። ትሪ ሉሰርን የተባለው የመኖ ዛፍ ቅጠሉ ደረቅ ነው፣ ጭማቂ አይሰጥም፤ እንዳለ ለበግ። አጃ ዘለላው ሳይወጣ ከታጨደ ይሆናል፤ ከወጣ በኋላ አገዳ ነው። ሳማ ጥሩ ጭማቂ አለው፣ ሲወቀጥና ሲሞቅ መለብለቡ ይጠፋል፤ የሚያጭደው ሰው ከተገኘ።

23 እና 24
ዶሮ አርቢዎች ገቡ። አይቡ አስኳሉን ቢጫ የሚያደርግ ቀለም በብዛት አለው፤ በፋብሪካ መኖ የገረጣ አስኳል ያሳሰበው ሰው ውጤቱን በቀናት ውስጥ ያያል። መጠኑ ግን ከመኖው ከመቶ 5 እጅ አይለፍ፤ አልፋልፋ ውስጥ ያለው መራራ ነገር ሲበዛ ዶሮዋ መብላትም መጣልም ትቀንሳለች። በዚህ ልክ አንድ ዶሮ በቀን 6 ግራም ትፈልጋለች፤ 1 ኪሎ ተኩል ደረቅ አይብ 25 ዶሮን 10 ቀን ያቆያል።

24ኛው ማድረቁን ጨመረ። እርጥቡ እንዳለ ከደረቀ ጠጠር ይሆናል፣ ዶሮም አትለቅመውም። ግማሽ ሲደርቅ በወንፊት አሽቶ ማፈርፈር፣ ከዚያ በስሱ አስጥቶ ጥላ ሥር መጨረስ፤ ፀሐይ ቀለሙን ይበላዋል። ቅባት ስላለው ብርሃንና አየር ካገኘው ይበላሻል፤ የደረቀ ሳር ሽታው ተለውጦ ዓሣ ዓሣ ካለ ጊዜው አልፏል።

25 እና 26
እዚህ ክሩ ከመንገድ ወጣ። ከቅጠል የወጣ ነገር በጾም ይበላል አይበላም፣ አይብ ተብሎ መጠራቱስ ሰው አያሳስትም ወይ የሚል ክርክር ተነሣ፤ ሰውም ስም ማውጣት ጀመረ። የቅጠል እርጎ ያለም አልጠፋም፤ እሱም ያው የፍስክ ስም ነው። 26ኛው ቁም ነገር አመጣ፦ የአውሮፓ ኅብረት በ2009 የአልፋልፋን ፕሮቲን ለሰው ምግብ ሲፈቅድ በቀን ከ10 ግራም እንዳያልፍ ገድቦታል። ቤት ውስጥ የወጣውን ለሰው ከማሰብ በፊት ይህ ይታወስ።

27
ስለ ቡናማው ውኃ ማንም አላነሣም ብሎ ወቀሰን፤ ልክ ነው። 30 ሊትር ገደማ ይተርፋል፤ ስኳርና ፖታሲየም አለበት። በዕለቱ ከፍሩሽካ ጋር ከብት ይጠጣዋል፤ ካደረ ይኮመጥጣል፣ ከዚያም ይሸታል። የቀረው ወደታጨደው አልፋልፋ ማሳ ይመለስ፤ ፖታሲየሙ ከዚያ ነው የወጣው። አንድ ቦታ ላይ ሳይሆን በትኖ። በሬሳ ወደተባለው የደብረ ብርሃን ወንዝ መድፋት ግን ነውር ነው፤ ስኳሩ ሲብላላ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል።

28
አሰሩን ነሐሴ ላይ ማድረቅ ስለማይቻል ገፈራ (አየር አጥቶ እየኮመጠጠ የሚቆይ እርጥብ መኖ) ማድረግ ነው ያለው መልስ። በ4ኛው ቁጥር ከሄድን የሚቀረው 65 ኪሎ አሰር ነው፤ ደረቅ ነገሩ ከመቶ 26 እጅ፣ ለገፈራ ትንሽ ይረጥባል። 5 ኪሎ የተከተፈ ገለባ ቢደባለቅበት ወደ 30 ይወጣል፤ ፕሮቲኑ ከመቶ 14 እጅ አይወርድም። ሞላሰስ ከተገኘ 2 ኪሎ። ውስጡ ላስቲክ ያለው የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ እየረገጡ መሙላት፣ አየሩን አስወጥቶ ማሰር፣ 6 ሳምንት አለመክፈት። ሲከፈት ኮምጣጣ ፍሬ ፍሬ ከሸተተ ደርሷል፤ የከረመ ቅቤ ከሸተተ እርጥበት በዝቶበታል።

ለዚህኛው የመለስኩለት እኔ ነኝ። ስሌቴን አዙሬዋለሁ፦ ዋናው ምርት ገፈራው ነው፣ አይቡ ደረቅ ኩበት በተገኘ ቀን የሚወጣ ትርፍ። ኩበት በሌለ ቀን አለመጨመቅ፣ አልፋልፋውን ከገለባ ጋር እንዳለ ገፈራ ማድረግ።

29
የመጨረሻው እትዬ ናቸው። አቡጀዲው ከሁለት ቀን በኋላ ጭማቂ ማሳለፍ አቆመ፣ በፈላ ውኃ ብናጥበውም አልለቀቀም ብለው ላማረሩት ሰዎች፦ የፈላ ውኃ ፕሮቲኑን ድሩ ውስጥ ያረጋዋል። ጨርቁ ገና እርጥብ ሳለ በቀዝቃዛ ውኃ ይታሽ፤ ሙቅ ውኃ ከዚያ በኋላ።